ቴሬዛ ይባሉ የነበሩት ሴት

ባለፈው ሳምንት ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከኋላዬ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት የተቀቀለ ቀይ ስርና የእንስላል ሽታ መጣብኝ። አውቶቡሴ መጥቶ ሲሄድ ዝም ብዬ አየሁት። ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ፤ ጉልበቴ ቆሞ መጠበቅ አይወድም። ያ ሽታ ግን ይዞኝ ኬንቲሽ ታውን ገባ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ድሮ የምንከባከባቸው የሚስስ ቴሬዛ ኩሽና ውስጥ አስቀመጠኝ። ሾርባቸው ነው። ቀይ፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ላዩ ላይ እርጎ ጣል የሚደረግበት። መጀመሪያ ሲሰጡኝ ቀለሙን አይቼ ለመቅመስ ፈርቼ ነበር። በኋላ እጃቸው ሲደክም የምሠራላቸው እኔ ሆንኩ።

ያ ዘመን እኛ ሐበሾች «ከምርጫው በኋላ» የምንለው ነው። አገር ቤት የሆነውን፣ እኔንም ያስወጣኝን ነገር አሁን አላነሳውም፤ ብዙ ሰው ተናግሮበታል፣ ዓመተ ምሕረቱም ተምታቶብኛል። የማይጠፋብኝ ሌላ ሌላው ነው። የሁለት ፓውንዱ የስልክ ካርድ አይጠፋብኝም፤ በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን አውጥተን፣ አዲስ አበባ ደውለን፣ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል የሚያልቀው። ልባሽ ከሚሸጠው ቻሪቲ ሾፕ በአምስት ፓውንድ የገዛሁት፣ እጅጌው ጣቶቼን የሚውጠው ጥቁር ካፖርት አይጠፋብኝም። አንድ ሰው የገዛው ሲዲ እየተገለበጠ በየቤቱ ይዞር ነበር፤ ሃርልስደን ውስጥ ከአደባባዩ ሰዓት አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት በር ላይ የሰማሁትን ዘፈን ማታ ቤት ስገባ ከጎረቤት መስኮት እሰማዋለሁ። የእኛ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያያል፤ ከዚያ ነው ወንበር የሚመርጠው። ሁሉም ተኮራርፎ ነበር። አሁን እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ስልካቸውን እያዩ በእንግሊዝኛ ይሳሳቃሉ፤ ማን ማንን እንዳኮረፈ የሚያውቅ የለም።

የምኖረው ሃርልስደን ነበር፣ ከአስካለ ጋር። አስካለ ቤተ ክርስቲያን የማታስታጉል፣ እጇ ሰፊ፣ ሳቋ ከታች ፎቅ የሚሰማ ሴት ናት። ስመጣ ብርድ ልብሷን ለእኔ ሰጥታ እሷ በጋቢ የተኛች እሷ ናት። ወረቀቴ እንደተፈቀደ «በይ ኬር ሥራ፣ አሮጊት ሽማግሌ መንከባከቡን፣ አፕላይ አድርጊ፣ ቋንቋ አይጠይቁም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልጉት» ብላ ኤጀንሲው ድረስ ይዛኝ የሄደችውም እሷ ናት። እህት ነበረች። ያንን ሁሉ ዓመት የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አባቴ ጎንደር ውስጥ ሸማኔ ነበር። ቤተ እስራኤል ነን፤ ሰው ፈላሻ የሚለን። ቅዳሜ እሳት የማይነድበት ቤት ነው የተወለድኩት። አባቴ ሲሞት እናቴ እኔን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ ከተማው ዳር ሳንደርስ መንገድ ላይ አስቁማ ጥቁር ክር አንገቴ ላይ አሰረች። «ከዛሬ ጀምሮ ማተብሽ ይሄ ነው። ከየት ናችሁ ሲሉሽ ከሰሜን፣ አባትሽ ምን ነበር ሲሉሽ ገበሬ በያቸው» አለችኝ። ዘመዶቻችን በሱዳን በኩል ሲሄዱም እኛ ቀረን፤ እናቴ በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ጽዋ ማኅበር አባል ሆና ነበር፤ መውጫው ጠፋባት። እኔም ማተቡን እንዳሰርኩ ለንደን ድረስ መጣሁ። እዚህማ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። አንድ ክርስትና ላይ ሕፃኑ አልጠባም ብሎ ሲያለቅስ አስካለ «ዓይን ነው፣ ሰው በልቶት ነው» አለች። ቀጥላም በልጅነቷ መንደራቸው ስለነበሩ ሸማኔዎች፣ ማታ ማታ ጅብ ስለሚሆኑት አወራች። «ለንደንም ሳይገቡ አይቀሩም፣ ቪዛ አግኝተው!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ። እጄ ግን ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄዶ ክሩን ከቀሚሴ በላይ አወጣው።

ኤጀንሲው ወደ ሚስስ ቴሬዛ የላከኝ በዚያው ሰሞን ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፣ አሁንም አንቱ እላቸዋለሁ። የፖላንድ ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ፖላንዳዊ ወታደር አግብተው መጥተው፣ ባላቸው ሞቶ፣ ብቻቸውን በካውንስል የኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ ትንሽዬ ሴት። ከንፈራቸውን ሳይቀቡ በር አይከፍቱም። ሹራባቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ከቴሌቪዥኑ በላይ መስቀል፣ ከአልጋቸው ራስጌ የማርያም ሥዕል አለ። አንድ ልጃቸው ሪቻርድ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሃምሳውን የዘለለ ሰው ነው። እሑድ እሑድ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸውና ሾርባቸውን ጠጥቶ ይሄዳል። ኤጀንሲው የነገረኝ «መርሳት ጀምረዋል፣ እሳት እንዳይተዉ ቼክ አድርጊ» ብሎ ነው።

አንድ ቀን ድንች ስንልጥ ያንጎራጉሩ ጀመር። እሹሩሩ ነው፤ ቋንቋው ባይገባኝም የእሹሩሩ ዜማ አይጠፋኝም። ድንገት አቆሙና ቢላዋውን እንደያዙ በሌላው እጃቸው አፋቸውን ከደኑ።

«ምን አልኩ?» አሉኝ።

«ዘፈን ነው፤ ደስ ይላል።»

«በምን ቋንቋ?»

«እኔ ፖላንድኛ አላውቅም ሚስስ ቴሬዛ።»

ቆይተው አንገቴን ተመለከቱ። «ያ ክር ምንድን ነው? ክርስቲያን ነሽ?»

«አዎ» አልኩ፣ ጥያቄያቸው ሳያልቅ።

ድንቹን አስቀመጡት። «በጣም ፈጥነሽ መለስሽ» አሉኝ። «እውነተኛ ክርስቲያን እንዲህ ሲጠየቅ ምን ይላል ታውቂያለሽ? ለምን ትጠይቂኛለሽ ይላል። ይገርመዋል። አንቺ ግን አልገረመሽም፤ ተዘጋጅተሽ ነበር። እኔም እንዳንቺ ፈጥኜ ነበር የምመልሰው። ኋላ አንዲት ሴት ናት ቀስ ብለሽ መልሺ ብላ ያስተማረችኝ።»

በዚያ ኩሽና፣ በቀን ብርሃን፣ ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ እያለፈ፣ እናቴ ያሰረችልኝን ክር አንዲት ነጭ አሮጊት አዩብኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስለነበር ይሆናል የቻልኩት። እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ድንች በላጥን፣ ልብስ በተኮስን ቁጥር እየቆረጡ። እኔ ግን አንድ ላይ አድርጌ ነው የማስታውሰው።

ስማቸው ፌይጋ ነበር። ወፍ ማለት ነው አሉኝ። አባታቸው ባርኔጣ ሰፊ ነበር። ጀርመኖች ከተማቸውን ይዘው አይሁዶቹን አንድ ሰፈር ሲያጉሩ አባትየው «አንቺ ፀጉርሽ ወርቃማ ነው፣ ንግግርሽም እንደ ክርስቲያኖቹ ነው፣ ውጪ» አላቸው። ጎረቤታቸው የነበረች፣ ልጇ በሳንባ በሽታ የሞተችባት ክርስቲያን ሴት የልጇን ስም ሰጠቻቸው። ቴሬዛ የዚያች የሞተች ልጅ ስም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በዚያ ስም ሥራ ፈለጉ፤ የተገኘው ሥራ የጀርመን መኮንኖች የሚበሉበት ቤት ኩሽና ውስጥ ነበር።

«ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የለም» አሉኝ። «አይሁድ እዚያ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ግን ሲደበቁ ማረፍ የለም። ዓይኔ ያሳብቅብኝ ነበር። የአይሁድ ዓይን ያዝናል፣ በዓይናቸው ነው የምንለያቸው ይሉ ነበር ጀርመኖቹ። ስለዚህ መስታወት ፊት ቆሜ መሳቅ ተለማመድኩ። ሳህን ሳቀርብ እስቃለሁ። የአሳማውን ሥጋ እያዩኝ እበላለሁ፣ እስቃለሁ። በሕልሜ በእናቴ ቋንቋ እንዳልናገር ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ስተኛ አፌን በመሐረብ አስር ነበር፣ ጥርሴን አመመኝ ብዬ።»

የእናታቸው ቋንቋ ይዲሽ የሚባለው ነው፤ የዚያ አገር አይሁዶች ቤታቸው የሚነጋገሩበት። እሹሩሩውም የእሱ ነው።

ብሮንያ የምትባል ወፍራም፣ ተሳዳቢ የወጥ ቤት አለቃ ነበረች። እሷ እንዳወቀችባቸው እርግጠኛ አልነበሩም፤ ቀስ ብለሽ መልሺ ያለቻቸው እሷ ብትሆንም ለምን እንዳለች አልተናገረችም። አንድ ረፋድ ላይ ከመንገዱ ድምፅ መጣ። ሰዎቹን ከታጎሩበት ሰፈር አውጥተው ወደ ባቡሩ እየነዷቸው ነው። የኩሽናው መስኮት ወደ መንገዱ ነው። ሁለት ወታደሮች በሩ ላይ ቆመው ቡና እየጠጡ ያያሉ። ፌይጋ ሳህን እያደረቁ ቀና ሲሉ ታናሽ እህታቸውን አዩ፤ የእሳቸውን አሮጌ ኮት ለብሳ።

«አየችኝ» አሉ ሚስስ ቴሬዛ። «መስኮቱ ቅርብ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቷን አዞረች። እንደማታውቀኝ። ልጅ ናት፤ ልትጠራኝ ትችል ነበር። እኔን ለማትረፍ ፊቷን አዞረች።»

ሳህኑን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። መሳቁ እምቢ አላቸው። አንደኛው ወታደር ዞር ብሎ ሊያያቸው ሲል ብሮንያ የፈላውን ሾርባ ከነማንኪያው ክንዳቸው ላይ ደፋችባቸው። «አንቺ ደደብ! እጅሽን እዚህ ማን አግቢ አለሽ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፣ «አሁን አልቅሺ። የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ» አለቻቸው። ወታደሮቹ ሳቁ። ፌይጋ እስኪደክማቸው አለቀሱ። የክንዳቸውን ጠባሳ ገላቸውን ሳጥብ ሁልጊዜ አየው ነበር፤ ምን እንደሆነ የነገሩኝ ያን ቀን ነው።

«ጦርነቱ ካለቀ በኋላስ?» አልኳቸው።

«አለቀ አሉ። ከእኛ የተረፉት ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤት አባረራቸው፤ የተገደሉም ነበሩ። እኔ አለቀ ሲሉኝ አላመንኩም። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ቴሬዛን ነው ያገባው። ሪቻርድን ክርስትና አስነሳሁ። ደህና ይሁንልኝ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ እኔና እሳቸው የምንሳሳቀው ነገር አገኘን። የእኛ ጸሎት በግዕዝ ነው፣ ዕብራይስጥ አናውቅም ስላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔ የማውቀውን ረሳሁ፣ አንቺ የማታውቂውን ትደብቂያለሽ! ምን ዓይነት አይሁዶች ነን?» አሉ። ግን ሳቁ አይቆይም። ራሳቸው እየከዳቸው መሆኑን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዙ። «ታየች፣ ስሚኝ። እንግሊዝኛው እየሄደ ነው፣ ፖላንድኛውም ይከተላል። በመጨረሻ የሚቀረኝ የእናቴ ቋንቋ ነው። ሪቻርድ ፊት ከወጣብኝ ሬዲዮውን ከፍ አድርጊው። እለምንሻለሁ።»

ቃል ገባሁ። እሑድ ሥራዬ ባይሆንም ሺፍት እየቀየርኩ መሄድ ጀመርኩ። ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሳህን አንኳኳለሁ፣ «ሻይ ላፍላ?» እላለሁ። ሪቻርድ ጆሮዬ የሚያስቸግረኝ መሰለው። አስካለ ደግሞ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን መቅረት አበዛሽ፣ ሰው እየጠየቀኝ ነው» ትለኝ ጀመር። በሁለት ቤት ሁለት ውሸት ተሸክሜ እኖር ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ይሰማኝ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ሪቻርድ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ካፖርት፣ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ፣ ኮፍያ። ሚስስ ቴሬዛ በሩ ላይ ሲያዩት ተነሡ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ሳቁ፤ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው፣ ጥርስ ብቻ የሆነ ሳቅ። ወንበር ሳቡለት፣ ሾርባውን ቀዱለት፣ ጠረጴዛው ላይ እየፈሰሰ። ከዚያ ሄደው ግድግዳው ሥር እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ እንጂ» አለ ሪቻርድ።

በጀርመንኛ መለሱለት። ጎንበስ ብለው። እኔን ደግሞ «ብሮንያ» ብለው ጠሩኝ።

ሬዲዮው ምንም ሊሸፍን አልቻለም። ሪቻርድ ኮሪደር ላይ ይዞኝ ወጣ። «እናቴ ፈራችኝ» አለኝ። «ጌታዬ ነው ያለችኝ፤ ያን ያህል ጀርመንኛ አውቃለሁ። የምታውቂው ነገር አለ?»

«አለ። ግን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሳልጠይቃቸው አልነግርህም። አሁን ያንን ካፖርት አውልቅና ገብተህ እጃቸውን ያዝ።»

አወለቀው። ሸሚዙን ብቻ ለብሶ ገባ። እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ማን እንደሆነ ግን ያን ቀን አላወቁትም።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ራሳቸውን ሆነው፣ ከንፈራቸውን ተቀብተው ጠበቁኝ። እንደዚያ ያለ ጥሩ ጠዋት እየቀነሰ ነበርና ሳልፈራ ነገርኳቸው።

«እሑድ ዕለት ሪቻርድን ከእነዚያ አንዱ አድርገው አዩት።»

«ልጄን?»

«አዎ።»

«ፈራሁት?»

«ፈሩት። ግድግዳ ሥር ቆመው አስተናገዱት።»

ስለ እህታቸው ሲነግሩኝ ያላለቀሱት ሴት ያን ጠዋት አለቀሱ። «እሱ ደህና እንዲሆን ብዬ ነበር» አሉ ደጋግመው። ብዙ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፤ «ንገሪው። እኔ አልችልም፣ አፌ እምቢ ይለኛል። አንቺ ንገሪው፣ እኔ እዚያው እቀመጣለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ነገርኩት። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ከባርኔጣ ሰፊው ጀምሬ እስከ ሾርባው ድረስ። ሚስስ ቴሬዛ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተቀምጠዋል፣ የሚሰሙ አይመስሉም። ስጨርስ ሪቻርድ ወንበሩን አስጠጋ። ከዚያ ወደሳቸው ዞሮ «አያቶቼ ማን ይባሉ ነበር?» አለ።

እኔ አላውቅም ነበር። እሳቸው ናቸው የመለሱት፣ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «አባቴ ሌይብ። እናቴ ሐና። እህቴ...» አሉና ቆሙ። ጠበቅናቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። የእህታቸውን ስም እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ሪቻርድ ተነሥቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «ፌይጋ» አላቸው።

ከወንበራቸው ብድግ ብለው በእጃቸው አፉን ያዙት። አጥብቀው። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። «በሩ ተዘግቷል?» አሉኝ።

«ተዘግቷል።»

እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ። «ድገመው» አሉት።

ክረምቱ ሳያልቅ ሞቱ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የቀራቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነበር፣ እንዳሉትም ሆነ። ሪቻርድ ሬዲዮውን አጥፍቶ ያዳምጣቸው ነበር፤ አንዱንም ቃል አያውቀውም። የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ሁለቱንም ስም አስቀረጸ። ቀብሩ ላይ ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡት አሮጊቶች ሁለተኛውን ስም አንብበው እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ አበባዋን ሳታስቀምጥ ይዛው ተመለሰች።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ከሰዓት አስካለ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። አባቴ ሸማኔ እንደነበር፣ ምን እንደሆንን። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ማተቡስ?» አለችኝ።

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ፤ እንድኖር።»

ሌላ አልጠየቀችም። ክፉ ቃልም አልወጣትም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። እንደ ድሮው ሰላም ትለኛለች፣ አውቶቡስ ሲዘገይብኝ ትደውላለች። ግን የሠራሁትን ምግብ ሳቀርብ «ጠግቤያለሁ» ትል ጀመር። የእህቷ ልጅ ሕፃን ይዛ ስትመጣም፣ እኔ ወደ ሳሎን ስገባ ሕፃኑን በነጠላ ሸፈን ታደርገዋለች። ሆን ብላ አይመስለኝም፤ እጇ ነው የሚሠራው። ፀደይ ሲገባ ኪልበርን ውስጥ ትንሽ ክፍል አገኘሁ።

የወጣሁ ዕለት ትልቁን ሻንጣ እኔ፣ ትንሹን እሷ ይዘን ደረጃውን ወረድን። በሩ ጋ ስንደርስ ትንሹን ሻንጣ አላስቀመጠችውም፣ ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ለምን ነገርሽኝ ታየችዬ?» አለችኝ። «ሳላውቅ ደህና አልነበርንም?»

«ደህና የነበርሽው አንቺ ነሽ» አልኳት፣ ሻንጣዬንም ተቀበልኳት።